ሠላሳ ዓመት ማገልገል በራሱ ያሸልማል ወይ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው በመሥሪያ ቤቱ የሽልማት ኮሚቴ ውስጥ በጸሐፊነት የሚያገለግል ነው። ኮሚቴው ዕድሜያቸውን በሕዝብ አገልግሎት ላሳለፉ ሠራተኞች የሚሰጠው የክብር ሽልማት ለማን እንደሚገባ ተከራክሮ፣ ሳይስማማ ሁለት ጊዜ መበተኑን ገልጾ፣ የቀሩትን ሁለት ዕጩዎች ያለ ስም አቀረበ። አንደኛዋ በመዝገብ ቤት 34 ዓመት ሠርተው ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ በግል ማኅደራቸው ውስጥ አንድም የማስጠንቀቂያ፣ አንድም የምስጋና ደብዳቤ የማይገኝ ሴት ናቸው። ሁለተኛው 19 ዓመት ያገለገሉ፣ ማኅደራቸው በምስጋና ደብዳቤ የተሞላ የሥራ ኃላፊ ናቸው። ጠያቂው አቋሙን አልደበቀም፤ ሠላሳ ዓመት ያለ ነቀፋ ማገልገል በራሱ ልህቀት ስለሆነ ሌላ ማስረጃ መጠየቅ ነውር ነው ብሎ፣ የሚቃወመው ካለ ምክንያቱን እንዲያስረዳው ጋበዘ።

የመጡት ምላሾች 25 ናቸው። እንዳነበብኋቸው በቅደም ተከተል እተርካቸዋለሁ እንጂ ቃል በቃል አልገለብጣቸውም፤ አንዳንዶቹንም በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ የመጣው በሰው ሀብት አስተዳደር ለረጅም ጊዜ ሠርተው ጡረታ ከወጡ ሰው ነው። ጠያቂውን በአክብሮት ካመሰገኑ በኋላ ከእርሱ ጋር እንደሚስማሙ ገለጹ፤ ያቀረቡት ምክንያት ግን ከእርሱ የጠነከረ ነበር። የሥራ አፈጻጸም ምዘና አለቃ በተለወጠ ቁጥር እንደሚለወጥ፣ የአገልግሎት ዘመን ግን ማንም ሊጨምርበትም ሆነ ሊቀንስበት የማይችል መለኪያ መሆኑን፣ ዓመት መቁጠር በተተወ ዕለትም ዝምድና መቁጠር እንደሚጀመር በሥራ ዘመናቸው እንዳዩ ጻፉ።

2ኛው ምላሽ ታሪክ ይዞ መጣ። የብሪታንያው ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ በ1902 ለሲቪል ሠራተኞች የሚሰጥ ኒሻን ሲያቋቁሙ መመዘኛው 25 ዓመት ማገልገል እንደነበረ፣ ነገር ግን ለጤና በማይስማማ ቦታ የሠራ ሰው በ16 ዓመት ሊያገኘው ይችል እንደነበረ አስታወሰ። ከዚህ በመነሣትም፣ ዓመት ቆጣሪዎቹ ራሳቸው አንዱ ዓመት ከሌላው እኩል እንደማይከብድ ያውቁ ነበር አለ። 3ኛው ምላሽ ይህን አስተካከለ፤ ኒሻኑ የአስተዳደርና የጽሕፈት ሠራተኞች እንጂ የሁሉም አልነበረም፣ ከእነርሱ በታች ላሉት ዝቅ ያለ ሜዳሊያ ነበር የተመደበላቸው፣ ኒሻኑን ለአዲስ ሰው መስጠት በ1993 ቢቆምም ሜዳሊያው ዛሬም 25 ዓመት አገልግለው ጡረታ ለሚወጡ ዝቅተኛ ሠራተኞች ይሰጣል ሲል አብራራ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር፣ ከተያዘ የሥልጣን ወንበር ጋር በቀጥታ ተያይዞ የሚመጣ ክብር እንዲቀርና ማንኛውም ዜጋ ዕጩ መጠቆም እንዲችል መወሰናቸውንም ጨመረ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በዚያን ሰዓት ተቀብሎ የቀጠለበት ሰው አልነበረም፤ ስለ ዕጩው ማን ይጠየቅ የሚለው ጥያቄ ግን ከብዙ ምላሽ በኋላ ዞሮ መምጣቱ አልቀረም።

የክሩ ሙቀት የጨመረው በ4ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው ወጣት ሠራተኛ ይመስላል። ሠላሳ ዓመት ወንበር ያሞቀ ሰው ከተሸለመ ወጣቶች የሚማሩት ትዕግሥትን ብቻ እንደሆነ፣ ነቀፋ የሌለበት ማኅደርም ብዙ ጊዜ ምንም ያልሞከረ ሰው ማኅደር እንደሆነ ጻፈ። የሚሠራ ሰው ይሳሳታልና፣ አንድም ስሕተት ያልተመዘገበበት ሰው መጀመሪያ መጠርጠር አለበት እስከ ማለት ደረሰ። ነገሩ እውነትነት ቢኖረውም፣ ስለማያውቃቸው ሴት እንዲህ አድርጎ መናገሩ ብዙዎችን አስቆጥቷል።

5ኛው ምላሽ ረጅም ነበር፣ መርዘሙም ተገቢ ነው። የፍራንሲስ ኦልደም ኬልሲን ታሪክ የሚያወሳ ነው። ኬልሲ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 1960 ተቀጥረው ሥራ ከጀመሩ ከአንድ ወር ብዙም ሳይዘገይ ታሊዶማይድ ለተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት የቀረበ የፈቃድ ማመልከቻ በጠረጴዛቸው ላይ አረፈ። መድኃኒቱ በሌሎች አገሮች ይሸጥ ስለነበር ፈቃዱ እንደ ቀላል ጉዳይ ነበር የተቆጠረው። እርሳቸው ግን የቀረበው ማስረጃ በቂ አይደለም ብለው ተጨማሪ መረጃ ጠየቁ፤ መድኃኒቱ በነርቭ ላይ ጉዳት ያደርሳል የሚል ደብዳቤ በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ካነበቡ በኋላም፣ ነፍሰ ጡር ሴት ብትወስደው ፅንሱ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ አነሡ። አምራቹ ደጋግሞ ቢጎተጉታቸውም አልፈረሙም። በ1961 መጨረሻ መድኃኒቱ ፅንስን እንደሚያጎድል ታወቀ፤ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የአካል ጉድለት ይዘው እንደተወለዱ ይገመታል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በነሐሴ 1962 ለሲቪል ሠራተኛ የሚሰጠውን ከፍተኛ የፕሬዚዳንት ሽልማት አበረከቱላቸው። የ5ኛው ምላሽ ጸሐፊ በዚህ ታሪክ የሚያሳየው፣ በሕዝብ አገልግሎት ውስጥ ትልቁ ሥራ አንዳንድ ጊዜ አለመፈረም መሆኑንና ያ ሥራ የሚታየው ሌላው ሰው ከፈረመ በኋላ ብቻ መሆኑን ነው።

6ኛው ምላሽ ወዲያውኑ ቀዳዳ አገኘ። ኬልሲ ሲሸለሙ በመሥሪያ ቤቱ ገና ሁለት ዓመት መሥራታቸው ስለነበር፣ ታሪኩ ዓመት ቆጣሪዎችን ይቃወማል እንጂ አይደግፍም አለ። 7ኛው ምላሽ ሁለት እርማት ጨመረ። አንደኛው አሜሪካ ጨርሳ አለማምለጧ ነው፤ መድኃኒቱ ለሙከራ በሚል ከ1,000 በሚበልጡ ሐኪሞች እጅ ገብቶ ስለነበር በዚያም 17 ሕፃናት ተጎድተው ተወልደዋል። ሁለተኛው፣ ኬልሲ ራሳቸው ምስጋናው አብረዋቸው ማመልከቻውን ለመረመሩት ለኦያም ጂሮና ለሊ ጋይስማር፣ ከጎናቸው ለቆሙት አለቆቻቸውም ጭምር እንደሚገባ መናገራቸው ነው። ጸሐፊው ከዚህ አያይዞ፣ አንድን ሰው ነጥሎ መሸለም ጓደኞቹን መዝረፍ አይሆንም ወይ ሲል ጠየቀ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ከ2003 ጀምሮ የሚሰጠውን የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት ለግለሰብ ሳይሆን ለተቋም ማድረጉን በምሳሌነት አነሣ።

በ8ኛው ምላሽ ጡረተኛው የሰው ሀብት ባለሙያ ተመለሱ። ኬልሲ ከዚያ ሜዳሊያ በኋላ 43 ዓመት ሠርተው፣ በ2005 በ90 ዓመታቸው ጡረታ መውጣታቸውን፣ በ1962 የወጣው ጥብቅ የመድኃኒት ሕግ በሥራ ላይ እንዲውል የደከሙት በእነዚያ ማንም ፎቶግራፍ ባላነሣቸው ዓመታት መሆኑን አስታወሱ። መሥሪያ ቤቱ በ2010 በስማቸው የሠራተኞች ሽልማት ሲያቋቁም የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እርሳቸው ነበሩ፤ አንዱ ሽልማት የአንድ ውሳኔ፣ ሌላው የአንድ ዕድሜ ነው አሉ። 4ኛውን ምላሽ የጻፈው ወጣት በ9ኛው መለሰላቸው። እንደሚያከብራቸው ገልጾ፣ አንቱ እያለ፣ ነገር ግን በኬልሲ 45 ዓመት ሌሎች 45 ዓመት የተኙ ሰዎችን መሸፈን አግባብ አለመሆኑን ጻፈ። እርሳቸውም በ10ኛው አንቱ እያሉ መለሱለት። በ11ኛው ላይ ግን ወጣቱ በስሜት ተነሥቶ፣ የሰው ሀብት ባለሙያዎች ዓመት መቁጠርን የሚወዱት ሌላ ነገር መመዘን ስለማይችሉ ነው አለ፤ አንቱታውንም ጥሎ አንተ ሲል ጠራቸው። በአማርኛ ክርክር ከዚህ የበለጠ ስድብ አያስፈልግም። እርሳቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

ቀጥሎ የገንዘብ ጉዳይ መጣ። 12ኛው ምላሽ፣ ሜዳሊያ ደመወዝ ላለመጨመር የተፈለሰፈ ዘዴ ነው፣ ዕድሜውን ለሰጠ ሰው ቆርቆሮ መስጠት ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንደመመለስ ነው ሲል አማረረ። ይህ ምላሽ ከሁሉም የበለጠ የድጋፍ ምልክት ማግኘቱን አይቻለሁ፣ አልገረመኝምም። 13ኛው ግን ተቃወመው፤ በዛምቢያ ሉሳካ የተካሄደና በ2014 የታተመ ጥናትን ጠቀሰ። የኤችአይቪ መከላከያ ኮንዶም እንዲሸጡ ከተመለመሉ የፀጉር ሥራ ባለሙያዎች መካከል፣ ገንዘብ ከተሰጣቸው ይልቅ በሱቃቸው ላይ በሚሰቀል ሰሌዳ ኮከብ የተለጠፈላቸው የበለጠ ሸጡ፤ ምንም ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩም ሽያጫቸው እጥፍ ነበር። 14ኛው ምላሽ የፀጉር ሥራ ባለሙያ የመንግሥት ሠራተኛ አለመሆኑን በትክክል ካስገነዘበ በኋላ፣ ከተመራማሪዎቹ ሁለቱ እዚያው ዛምቢያ በጤና ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ያደረጉትን ሌላ ጥናት አነሣ። በዚያ ጥናት፣ አሠሪው እውቅና እንደሚሰጥና ስማቸው በአደባባይ እንደሚጠራ የተነገራቸው ሠልጣኞች የተሻለ ውጤት ሲያመጡ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ያላቸው ደረጃ የተነገራቸው ግን ውጤታቸው ዝቅ አለ፤ በተለይም ደካሞቹ። ከዚህ የወሰደው ነገር ሰውን ማመስገንና ሰውን ከሰው ማወዳደር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው፤ የጠያቂው ኮሚቴ ሁለት ዕጩዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተጣላውም ለዚህ ነው ብሏል። ይህ ምላሽ ከድጋፍ ምልክት አንድም አላገኘም።

በ15ኛው ምላሽ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ ቢልም የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ተገኘበት። ጸሐፊዋ አባታቸው ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው ባለመስታወት የምስክር ወረቀት ላይ ስማቸው በስሕተት ተጽፎ እንደነበር፣ አባታቸውም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል ከልክለው በአልጋ ሥር እስኪሞቱ ድረስ እንዳኖሩት ጻፉ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቀሱም። ከዚያ በኋላ ስለ ክፈፍ፣ ስለ ዋንጫና ስለ ሽልማት ሰዓቶች ጥራት ትንሽ ጨዋታ ሆነ፤ እሱን እንለፈው።

ወደ ጉዳዩ የመለሰው 16ኛው ምላሽ ነው፤ እርሱም ርካሽ ነገር ክቡር የሆነበትን አጋጣሚ አስታወሰ። ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ክትባቱ ይሰጥበት የነበረው ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ትንሽ መርፌ ነበር። የዘመቻው መሪ ዶናልድ ሄንደርሰን በዘመቻው ለተካፈሉት ይህንኑ መርፌ ክብ አድርጎ በማጠፍ የተሠራ የደረት ጌጥ ሰጡ፤ ክቡ ዜሮን፣ ማለትም አንድም የፈንጣጣ ሕመምተኛ ያለመኖሩን ግብ ያመለክታል። ከወርቅም ከብርም አይደለም፣ ግን የያዘው ሰው ምን እንደሠራ የማያጠያይቅ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ሜዳሊያ የሚከብደው የተሠራበት ማዕድን ሳይሆን ስለምን እንደተሰጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ሲቻል ነው።

17ኛው ምላሽ ማኅደርን እንደ ማስረጃ ማየት የሚያስከትለውን አደጋ ለማሳየት ቺዩኔ ሱጊሃራን አነሣ። በ1940 በሊትዌኒያ ካውናስ የጃፓን ምክትል ቆንስል ሳሉ ከመሥሪያ ቤታቸው መመሪያ ውጪ ከ2,000 በላይ የመተላለፊያ ቪዛ ለአይሁድ ስደተኞች ጻፉ። በ1947 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ተሰናበቱ፤ የጃፓን መንግሥት በይፋ ስማቸውን ያደሰው ከሞቱ 14 ዓመት በኋላ በ2000 ነው። በዘመናቸው ማኅደራቸውን የከፈተ የሽልማት ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ የሚያገኘው ትእዛዝ ያልፈጸመ ሠራተኛ ነበር። 18ኛው ምላሽ ጥንቃቄ ጠየቀ፤ ስንብቱን ሚኒስቴሩ ያስረዳው በወቅቱ በተደረገ የሠራተኛ ቅነሳ ሲሆን፣ ቤተሰባቸው ግን ከቪዛው ጋር እንደሚያያይዘው አመለከተ። 19ኛው ጉዳዩን ወደ ሌላ አገር ወሰደው፤ በሕንድ ከ1954 ጀምሮ የሚሰጡትን የፓድማ ሽልማቶች በሥራ ላይ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች ካልሆኑ በቀር፣ ማግኘት እንደማይችሉ ጠቅሶ፣ ደንቡ ብልህነት እንደሚመስለው ጻፈ። መንግሥት የራሱን ሠራተኛ በራሱ እጅ ሲያከብር ሎሌውን እንደሚያከብር ጌታ ይሆናል ባይ ነው። በ20ኛው አወያዩ ገብቶ ስለ ፖለቲካ መጻፍ የጀመሩ ሁለት ሰዎችን አስጠንቅቆ መልእክታቸውን አነሣ።

ለእኔ የክሩ ቁም ነገር ያለው 21ኛው ምላሽ ላይ ነው። የጻፉት ሴት ራሳቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ በሃያ ምላሽ ስለ መዝገብ ቤት ሲወራ ከጸሐፊዎቹ መዝገብ ቤት የሠራ አንድም አልነበረም። በእነርሱ ሥራ ጥሩ ቀን ማለት ማንም ያላስተዋለው ቀን መሆኑን ገለጹ፤ የተገኘ ፋይል ወሬ አይሆንም፣ የጠፋ ፋይል ግን እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ ይሰማል። ከዚያም አንዲት ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ባልደረባቸውን ተረኩ። እኚህ ሴት በራሳቸው ውሳኔ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆዩ፣ በምድር ቤት ከታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩትን የጡረታ ማኅደሮች ጥቂት በጥቂት ወደ ላይኛው አዛወሩ፤ ከታች ያስቀመጡት በቅጂ ሌላ ቦታ ያለውን ብቻ ነበር። ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። በማኅደሮቹ ቦታ ሁሉ ወዴት እንደሄዱ የሚናገር ካርድ ትተዋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ምድር ቤቱ እስከ ጉልበት ሞላ። የጉዳት ሪፖርት ተጻፈ፤ በሪፖርቱም የረጠበው ወረቀት ሁሉ ተዘረዘረ። ሳይረጥብ ስለቀረው የሚሞላበት ዓምድ ግን በቅጹ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ የዚያች ሴት ስም የትም አልገባም። እንደ 4ኛው ምላሽ ሚዛን ቢታዩ ወንበር አሟቂ ነበሩ። እንደ 1ኛው ሚዛን ቢታዩም ያላቸው ቁጥር ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ይህን ያለ ቁጣ፣ እንደ ተራ የሥራ ዘገባ አድርገው ነው የጻፉት፤ ከኬልሲ ያልፈረመ ብዕር ጋር ያለውን ዝምድና ግን ማንም ሳያስረዳ አንባቢው ያየዋል።

በ22ኛው ጠያቂው ተመልሶ መጣና አቋሙን በከፊል እንደለወጠ ተናገረ። ባዶውን ማኅደር ንጹሕ ነው ብሎ ማንበቡ፣ ወጣቱም ባዶ ነው ብሎ ማንበቡ አንድ ስሕተት እንደሆነ፣ ሁለቱም ያነበቡት የሴትየዋን ሥራ ሳይሆን የአለቆቻቸውን ዝምታ እንደሆነ ጻፈ። እንግዲህ 34 ዓመቱ ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል እንጂ መልስ አይሆንም አለ። ይህን በሕዝብ ፊት ማለቱ ያስመሰግነዋል፤ በእንዲህ ያሉ ክሮች ላይ የከፈተው ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ብዙ አላየሁም።

23ኛው ምላሽ የጡረተኛው ባለሙያ ነበር፤ ስለ ስድቡ አንድም ቃል ሳያነሡ በቀጥታ ወደ ሥራው ገቡ። ሦስት ዓይነት ሰዎች እንዲጠየቁ መከሩ፦ በሴትየዋ እጅ ሥራ የተማሩ፣ በመስኮት በኩል ጉዳይ ይዘው የሚመላለሱ ባለጉዳዮች፣ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው ከእርሳቸው ጥቅም የማይጠብቁ። የሚጠየቀውም ሰው ጥሩ ናቸው ወይ ተብሎ ሳይሆን፣ ሴትየዋ የዓመት ፈቃድ ላይ በነበሩበት ጊዜ ምን ነገር እንደቆመ መሆን አለበት አሉ። ከመልሶቹ አንድ የተረጋገጠ ሥራ ከነቀኑ ተወስዶ በሽልማቱ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ፣ ታታሪና ታማኝ የሚሉ ለማንም የሚለጠፉ ቃላት እንዲቀሩ፣ ኃላፊውም ተራቸው ሲደርስ በሌላ ዓመት በሌላ መስፈርት እንዲታዩ አሳሰቡ። ከሁሉ በላይ ሽልማቱ ከመሰናበታቸው በፊት፣ ባልደረቦቻቸው ባሉበት እንዲሰጥ አጥብቀው ተናገሩ። ወጣቱ ከሥሩ በተያያዘ አጭር ማስታወሻ ይህን እንደሚደግፍ ጻፈ፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፣ ግን አንቱ ብሏቸዋል።

24ኛው ምላሽ ከአንድ ሳምንት በኋላ የመጣ ነው። ጠያቂው በኮሚቴው የጥቆማ ቅጽ ላይ ለደረጃ፣ ለትምህርትና ለአገልግሎት ዘመን አንድ ሙሉ ገጽ፣ ለተሠራው ሥራ ግን ሦስት መስመር ብቻ መተዉን ማስተዋሉን፣ ኮሚቴውም ተጨማሪ ወረቀት እንዲያያዝ መስማማቱን ገለጸ። ሰባት ሰዎችን አነጋግሮ ገጹ ሞልቷል። ምን እንደተጻፈ ግን የሴትየዋ ጉዳይ ነውና እዚህ አላወጣውም አለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል፤ የሴትየዋ ስም በመታወቂያቸው ላይ በጸሎቱ ጸ፣ በግል ማኅደራቸው ላይ በፀሐዩ ፀ ተጽፏል፤ ስማቸውን በሽልማቱ ላይ የሚቀርጸው ባለሙያ ደግሞ ነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋል፣ 15ኛውን ምላሽ ካነበበ ወዲህም መገመት ፈርቷል።

25ኛው ምላሽ ከሁሉም አጭር ነበር፤ ሴትየዋ ገና በሥራ ላይ ስላሉ ወደ መዝገብ ቤት ወርዶ ራሳቸውን እንዲጠይቅ ነገረው።